አረንጓዴ ሆኖ የተመለሰው ቅቤ

ክቡር የአውራጃው ገዥ ተወካይ፣ ክቡራትና ክቡራን የጤና ጣቢያችን ባልደረቦች፤

እኔን ለመሸኘት ሥራችሁን ጥላችሁ ስለተሰበሰባችሁ፣ ደግሳችሁም ስላከበራችሁኝ አመሰግናለሁ። ድሬሰር ከማሉ «ሲስተር ወለተጊዮርጊስ፣ ንግግሩ ከረዘመ ክትፎው ይቀዘቅዛል» ብሎ አስጠንቅቆኛል። አሳጥራለሁ።

አዋላጅ ሆኜ ቡታጅራ ስመጣ መጀመሪያ የተጣላሁት ከቅቤ ጋር ነው። ሕፃን እንደተወለደ ለጋ ቅቤ ያስውጡታል። ተዉ ብል ማን ይስማኝ? «እኛስ በምን አደግን?» ይሉኛል። ያደጉትን ሰዎች እያየሁ ምን ልመልስ?

በኋላ ከከማሉ ጋር መክረን ሌላ መላ ዘየድን። በገበያ ቀን ለእናቶች እንዲህ እንል ጀመር፦ «ሕፃኑ የዋጠውን ቢመልስ ቀለሙን እዩ። እንደ ሣር አረንጓዴ ከሆነ አንጀቱ ተዘግቶ ተፈጥሮ ይሆናል። እንጥል ቆራጭ ዘንድ አትሂዱ፤ ወደ እኛ ሩጡ።»

በ1962 ክረምት ሰፍያ የምትባል የመስቃን ሴት የበኩር ልጇን ታቅፋ መጣች። ቅቤው አረንጓዴ ሆኖ ተመልሷል። አማቷ እማማ አሚኔ «እንጥሉ ወርዶ ነው» እያሉ ይከተሏታል። የሕፃኑን ሆድ ዳስሼ፣ «አንጀቱ ተዘግቷል፤ አዲስ አበባ እስኪደርስ ጡት እንዳይቀምስ» አልኩ።

የሰፍያ ጡት አግቶ ልብሷን አርሶታል። «ሲስተር፣ ልጄን በረሃብ ልትገድዪው ነው?» አለችኝ።

እኛ ዘንድ ቀዶ ጥገና የለም። በጤና ጣቢያው ላንድሮቨር ተነሣን። ቡኢን እንዳለፍን ወንዝ ሞልቶ አገደን። ሕፃኑ የእናቱን ደረት በአፉ ይፈልጋል፤ እሷ ፊቷን ታዞራለች። እማማ አሚኔ እንጥሉን ረስተው ወንዙን ይራገሙ ጀመር።

«እማማ፣ ሲረግሙት ይብስበታል፤ ይመርቁት እንጂ» አላቸው ሾፌራችን ባልቻ።

«በል እሺ፣ አላህ ያጉድልህ!»

በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሰፍያ እንኳ ፈገግ አለች። ወንዙም ጎደለ፤ ደረስን። ሐኪሙ የተዘጋውን አንጀት ከፍቶ አገናኘው። ከዚያ ለብቻዬ ጠራኝ፦ «ይህ ችግር አንዳንዴ ብቻውን አይመጣም፣ ሲስተር። የፊቱን ቅርጽ አይተውታል፤ እንዲህ ሆነው የሚወለዱ ልጆች አእምሯቸው ዘግይቶ ይበስላል። ልቡም ቀዳዳ አለው። አንጀቱን ጠግኛለሁ። ልቡን የሚጠግን ግን በአገራችን የለም።»

ሁሉንም ለሰፍያ ነገርኳት። ሰማችኝና፣ «አሁን ጡት ይጠባል?» አለች። የጠየቀችው ይህንኑ ብቻ ነው።

ጠባ። ስሙም ሰማን ተባለ። ዘግይቶ ቆመ፣ ዘግይቶ ተናገረ። ገበያ በመጡ ቁጥር ሮጦ የከማሉን ጉልበት ያቅፋል፤ በቡታጅራ መርፌ ወጊ የማይፈራ ልጅ እሱ ብቻ ነበር። ሲሮጥ ግን ከንፈሩ ይጠቁር ነበር። እኔና ከማሉ እንተያያለን።

ባለፈው ጥር ያ ልብ ደከመና ሰማን ሞተ።

ለቅሶ የደረስን ቀን ላጽናናት ሄጄ እኔው አለቀስኩ። ያጽናናችኝ ሰፍያ ናት። እጄን ይዛ፣ «አታልቅሺ፣ ሲስተር። ልጄ ርቦት አልሄደም» አለችኝ።

ባልደረቦቼ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ የማስበው ሌሎቹን ነው። እንጥላቸው ተቆርጦ በቤት የቀሩትን፣ ወንዙ ሳይጎድል በእናታቸው እቅፍ ያለቁትን። አንዲት ጠብታ ወተት በሆዳቸው ሳታልፍ ሄዱ። ቀዶ ጥገና እዚሁ ቢኖር፣ ወንዙም ድልድይ ቢኖረው ስንቶቹ በጠቡ ነበር? ይህ ሳይሆን ጡረታ መውጣቴ ይቆጨኛል። ክቡር ተወካይ፣ እባክዎ ለበላይ ያድርሱልኝ። ከማሉ፣ አንተም የገበያውን ቀን ምክር እንዳታቋርጥ።

እንግዲህ ልመርቃችሁ። ልጆቻችሁ ይደጉ። ላንድሮቨሩ አይሰበርባችሁ። እማማ አሚኔ እንዳሉት፣ ወንዙን ያጉድልላችሁ። ከእንግዲህ በዚህ አገር ሕፃን ከሞላ ጡት ሥር ተርቦ አይሂድ።

አሜን በሉኝ።