ዘንዶው ኖር ያለኝ ቀን

ክቡራትና ክቡራን፣ ለመላው ዓለም ሕዝብ የሚነገር አስቸኳይ መግለጫ ይዤ ቀርቤያለሁ፦ የሁለተኛው ፎቅ የሻይ ማፍያ ክዳን ዛሬ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ የገባበት አልታወቀም። ምርመራው ቀጥሏል። እኔ ጡረታ ወጥቻለሁና አይመለከተኝም።

ይህን ግብዣ ያሰናዳችሁልኝን ሁሉ፣ በተለይ አለቃችንን ወይዘሮ ኤልሳቤትን፣ አመሰግናለሁ። ኬኩ ላይ «ጥሩሰው» የሚለው ስሜ ያለ ግድፈት ተጽፏል። ለትርጉም ቢሯችን ትልቅ እመርታ ነው።

አሥራ አንድ ዓመት ከሰፈሬ ከካሳራኒ እዚህ ኪሊማኒ ተመላለስኩ። ማታቱ ሚኒባስ ውስጥ «ምዜ፣ ሽማግሌው፣ ጠጋ በል!» እየተባልኩ ስገፋ እመጣለሁ፤ እዚህ በር ላይ ስደርስ ሁላችሁም ብድግ ትላላችሁ። ሰው እንዴት በአንድ ጠዋት ጆንያም ጳጳስም ይሆናል?

መከበር ደግ ነው። ግን አንድ ጊዜ የልደት ምስክር ወረቀት ስተረጉም ልጁን ከአባቱ በፊት አስወለድኩት። ባልደረባችን ኢዮኤል አይቶ ምን አለ? «አባባ ካሉ ምክንያት ይኖራቸዋል።» ማኅተም ሊመታበት ነበር!

ይኸው ኢዮኤል ዓርብ ዓርብ በምሳ ሰዓት ጠረጴዛ አስከብቦ የሚያጫውተንን ጨዋታ ላላያችሁት ልንገራችሁ። እሱ ተረቱን ይመራል፣ እያንዳንዳችን አንድ አንድ ጀግና እንሆናለን። ጀግናው ግን የሚወለደው በጨረታ ነው። ለሰው መቶ መቶ ነጥብ ይታደላል፤ ጉልበት፣ ብልሃትና ጽናት ተራ በተራ ለጨረታ ይቀርባሉ። ብዙ የጠራ ይወስዳል። የተሸነፈውም የጠራውን ነጥብ ያጣል። ክፉ ሕግ ነው፤ ወደድኩት።

የመጀመሪያው ቀን ጉልበት ቀረበ። «አንድ!» አልኩ፣ ለማሟሻ ያህል። የጨመረ የለም። ብልሃት ቀረበ፤ «አንድ!» አሁንም የለም። ጽናትም እንደዚያው። በአባባ ላይ ማን ይጨምር? በሦስት ነጥብ የዓለም ጉልበተኛ፣ ሊቅና ጽኑ ሆኜ ቁጭ!

ከዚያ ዋሻ ገባን። ባለ ሰባት ራስ ዘንዶ ተጋድሟል። ሰይፌን መዝዤ ስጠጋ ኢዮኤል በዘንዶው ድምፅ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«ኖር! ኖር አባባ!»

ሰባቱም ራስ ብድግ አለ። ምን ላድርግ? «በእግዜር፣ ተቀመጥ» ብዬ ሰይፌን ወደ አፎቱ መለስኩ።

እናንተ ሳቃችሁ። እኔ ግን ማታ ወደ ቤት ስመለስ ማታቱ ውስጥ ሆኜ ከፋኝ፣ እውነቴን ነው። የሚጋፋው የሌለ ሰው ባልደረባ ነው ወይስ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶ? ያኔ ጡረታዬ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ አንድ ጊዜ እንኳ ሳልሸነፍ ልሄድ ነው!

በሚቀጥለው ዓርብ «እንደገና ልወለድ» አልኩ። ጉልበት ቀረበ።

«ሰባ!»

ኢዮኤል «አንደኛ… ሁለተኛ…» ማለት ጀመረ።

«ሰባ አንድ!»

ዞር ስንል ሚልካ ናት፤ እዚሁ ሳውዝ ሲ ሰፈር ያደገች ልጅ፣ ሥራ ከጀመረች ገና ወሯ።

«ኧረ አባባ ናቸው እኮ!» አላት ኢዮኤል ደንግጦ።

«ሶ ዋት? ጨረታ አይደለም እንዴ?» አለችና አንገቷን ደፍታ፣ «ይቅርታ፣ አባባ» አለችኝ።

ሰባ ነጥቤ በከንቱ ቀለጠ። በቀሪዋ ሠላሳ የጫጩት ብልሃትና የጫጩት ጽናት ይዤ ዋሻው ስገባ፣ ዘንዶው ኖርም አላለ፣ እንደምን ዋሉም አላለ። በአንዱ ራሱ ዋጠኝ፤ ስድስቱ ጦማቸውን አደሩ። እንዲህ ደስ ብሎኝ ተበልቼ አላውቅም!

ሰኞ ጠዋት ደግሞ ሚልካ አንድ ትርጉሜን በቀይ አስምራ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። አሥራ አራት ስሕተት። አሥራ አንድ ዓመት ስጠብቃት የኖርኳት ወረቀት!

ልጆቼ፣ እጃችሁ ይባረክ። ማኅተማችሁን ከሐሰት፣ ጎናችሁን ከማታቱ ግፊያ ይጠብቅላችሁ። ስታረጁ የሚነሣላችሁ አይጥፋ፤ «ሰባ አንድ» የሚላችሁም አይጥፋ። አሜን በሉ እንጂ!

አንድ ኑዛዜ ቀረኝ። ከነገርኳችሁ ውስጥ አንዷን ፈጥሬያታለሁ፤ ዘንዶውን አይደለም። ሚልካ «ይቅርታ» አላለችኝም። ቀና ብላም አላየችኝ፤ «ቀጥሎ የሚሸጠው ምንድን ነው?» ነው ያለችው።