ቀጭ ቀጭ ካለስ?

ከደሃና ወደ ሰቆጣ በሚሄደው ሚኒባስ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት አሮጌ ላፕቶፕ አቅፋለች። ከወዲያ በኩል ኮምፒውተር የሚጠግን ወጣት ይጠይቃታል።

«ማብሪያውን ስትጫኚው መብራቱ ይበራል?»

«ይበራል። ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው።»

«ቀጭ ቀጭ ይላል?»

«ካለስ?»

«ፋይሉ የሚቀመጥበት ዲስክ ተበላሽቷል ማለት ነው። ውስጡ ምን አለ?»

«የአባቴ ድምፅ። ቅዳሴ ሲያስተምሩ የቀዳሁት ነው። አሁን አርፈዋል፤ ሌላ ቦታ አላስቀመጥኩትም።»

«እስኪ አብሪውና ልስማው።»

«እፈራለሁ ወንድሜ።»

«አይዞሽ እህቴ።»

ተጫነችው። ጆሮውን አስጠጋ።

«ምን አለ?»

«ቆይ... ቀጭ ቀጭ አይልም። ዲስኩ ደህና ይመስላል። ስክሪኑን ያጨለመው ራም የሚባለው ክፍል አቧራ ይዞ ይሆናል፤ ሰቆጣ ስንደርስ አውጥቼ እጠርገዋለሁ።»

«ድምፃቸው አለ በለኛ!»

«ያለ ይመስለኛል።»

«ይመስልሃል?»

«ከፍቼ ሳላየው ምን ልበልሽ?»

መንገዱ ሲያንገጫግጨን እኔም እጄን ከላፕቶፑ ስር አስገባሁ።