ባዶ ነው የተባለው ዲስክ

ከንፋስ መውጫ ወደ አርብ ገበያ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ ሁለት ወንድማማቾች ተቀምጠዋል። ወሬውን የጀመረው ታላቁ ነው።

«መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰርቨሬን አቃጠለው። የተሰካበትንም ሀርድ ዲስክ አብሮ በላው።»

«እቤት ያለውን ትልቁን ኮምፒውተር?»

«አዎ። ውስጡን እንደ ሦስት ኮምፒውተር ከፋፍዬው ነበር፤ ቨርቹዋል ማሽን ይሉታል። በአንደኛው ላይ የአባባን ድምፅ ነበር ያስቀመጥሁት።»

«ታሞ ሳለ የቀዳኸውን?»

«ሁሉንም። ግድ የለም፣ የሦስቱም ቅጂ አንተ ዘንድ ባስቀመጥሁት ዲስክ ላይ አለ። አሁንም የምሄደው እሱን ላመጣ ነው።»

ታናሹ ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ምነው?»

«ጋሼ፣ ያ ዲስክ እኮ ባዶ ነበር።»

«ማን ነው ባዶ ነው ያለህ?»

«ቴሌቪዥኑ ላይ ስሰካው ምንም አላሳየኝም። ፎርማት አድርጌ ላጽዳው ወይ ሲለኝ እሺ አልሁት።»

«ቴሌቪዥን የሚያነበው ዓይነት አይደለማ! ሳጥን ውስጥ ቆልፈው አላልሁህም? ምን ልትሠራበት አወጣኸው?»

«መዝሙር ላስጭንበት።»

«መዝሙር! ሌላ ዲስክ ጠፍቶ?»

«ለአባባ ተዝካር እኮ ነው ጋሼ። ድንኳኑ ጭር እንዳይል ብዬ።»

«ያን ዕለት ስንሰማው የዋልነው…»

«አዎ፣ እሱ ነው። አንተም ደስ ብሎህ ድምፁን ጨምረው ብለኸኝ ነበር።»

መውረጃዬ በመስኮቱ ሲያልፍ እያየሁት ወራጅ አላልሁም።