ሮጣ የመጣችው ሯጭ

በምሠራበት የሀዋሳ ላቦራቶሪ፣ ክለብ ሊቀጥራት ያሰባት አንዲት ሯጭ ለምርመራ ደም ሰጠች። የነጭ ደም ሴሎቿ ቁጥር ከልክ በላይ ሆነ። ራሴን ስለማላምን ደገምኩት፤ ያው ነው። የክለቡ አሠልጣኝ፣ «ኢንፌክሽን ካለባት ሌላ ልጅ እወስዳለሁ» ሲሉ ዓይኗ እንባ ሞላ። «በምን መጣሽ?» አልኳት። «በሩጫ ነዋ! ከልምምድ በቀጥታ፣ እንዳይረፍድብኝ በጣም ፈጥኜ።»

ከባድ ሩጫ እነዚህን ሴሎች ለጊዜው ወደ ደም እንደሚያጎርፍ ተምሬአለሁ። ግን ብሳሳትስ? እየፈራሁ፣ «ጋሼ፣ ዛሬ ትረፍ፤ ነገ በባጃጅ ትምጣና እንድገመው» አልኳቸው። በማግስቱ ቁጥሩ ልኩ ላይ ነበር። በሥራ ቦታ ጮኼ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን «ጤነኛ ናት!» ብዬ ኮሪደሩን አናጋሁት። አሠልጣኙ አቀፉኝ። እሷ የጫማዋን ክር እያጠበቀች፣ «አሁንስ መሮጥ ይቻላል?» አለች። «ሩጪ!» አልኳት። ያመጣት ባጃጅ ሞተሩን ሳያስነሳ እሷ ከአስፋልቱ ማዶ ነበረች።