ለፈተና የተለመነ ምርቃት

እስራኤል አገር፣ ከሮቫ ዩድ ቤት ሰፈር ወደ ሃኪርያ በሚሄደው አውቶቡስ፣ ከፊቴ አንዲት ወጣትና አንዲት አሮጊት ተቀምጠው ነበር። አይተዋወቁም። ወጣቷ ጉልበቷ ላይ የቤት ንድፍ ዘርግታ ስታጠና አሮጊቷ ወሬ ጀመሩ።

“ልጄ፣ ይህ የማን ቤት ነው?”

“የማንም አይደለም፣ እማማ። ለሚብሃን የማጠናው ነው። ዛሬ እፈተናለሁ።”

“የምን ፈተና?”

“የአድሪካሊትነት፣ የቤት ነዳፊነት ፈቃድ። እሱን እስካገኝ በነደፍሁት ቤት ላይ የሚፈርመው ሌላ ሰው ነው።”

“እሰይ! እናትሽ መርቃ ሰደደችሽ?”

“አታውቅም።”

“ውይ! ምነው?”

“ዩኒቨርሲቲ ስጨርስ በግ አርዳ ደገሰች። ‘ልጄ አድሪካሊት ሆነች’ ብላ ለዘመድ ሁሉ ተናገረች። ገና ፈተና እንደሚቀረኝ በዚያ ድግስ መሐል በምን አፌ ልንገራት? ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። ጎረቤቱ ደግሞ ‘ሚርፔሴቴን፣ በረንዳዬን፣ ክፍል አድርገሽ ንደፊልኝ’ እያለ ይመጣል።”

“ታዲያ ምን ትያቸዋለሽ?”

“ሥራ በዝቶብኛል።”

አሮጊቷ ሳቁ። ወጣቷ ግን አልሳቀችም።

“እማማ፣ አንቱ ይመርቁኝ።”

“እናትሽ በሕይወት እያለች፣ እኔ ባዳዋ?”

“ሳልመረቅ ለፈተና ስወጣ ዛሬ ሦስተኛዬ ነው።”

“በይ ጎንበስ በይ። የእስራኤል አምላክ ፊትሽን ያብራው፣ እጅሽን ያጽናው። የነደፍሽው ቤት ሁሉ ሰው ይሙላበት።”

“አሜን፣ አሜን።”

“የእናትሽን ድርሻ ነው የወሰድሁት። ማታ ንገሪያት።”

“ካለፍሁ።”

ከኋላቸው እኔም ለምርቃቱ ሳላስበው አንገቴን ደፍቼ ነበር።