እልልታዬን የቀማችኝ ሴት

እናንተዬ፣ በአምቦ ቤተክርስቲያናችን መዘምራኑ ዘምረው ሲጨርሱ እልልታው የኔ ነበር። አዴ ጫልቱ ሴት ልጇን ይዛ ከጄልዱ መጣችና ቀማችኝ! እኔ ትንፋሽ ሲያጥረኝ እሷ ገና ትቀጥላለች። ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞሮ ሲስቅ ቅናት አንጀቴን አሳረረው።

የእህቴ ልጅ በእምነቷ የምትጸናበትን የማጽኛ ትምህርት ጨርሳ ቄሱ እጃቸውን ጭነው የሚባርኳት እሑድ ግን፣ “ዛሬስ አሳያታለሁ!” ብዬ ከፊት ተቀመጥኩ። ልጅቷ ስትንበረከክ እንባ ተናነቀኝ። አፌን ብከፍት ድምፅ የለም! ይሄኔ ጫልቱ ከኋላዬ እልልታውን ለቀቀችው፤ ቤቱ ተናወጠ። ስንወጣ እቅፍ አድርጋኝ፣

“ያንቺን ነው ያወጣሁልሽ፣ እህቴ” አለችኝ።

ደስታዬም ቅናቴም እኩል ገንፍሎ፣

“ያንቺም ልጅ ተራዋ ሲደርስ እንባ ይተናነቅሽ፤ የዚያን ቀን እልልታው የኔ ነው!” አልኳት።