ለሦስት ወር የታዘዘ ምግብ

አውቶቡሱ አራተኛው ፌርማታ ላይ ሲቆም ነርስ የሆነችው የሾፌሩ የእህት ልጅ ባጋጣሚ ገባችና ከጀርባው ተቀመጠች። ከተያዩ ዓመት ሊሞላቸው ነበር፤ ሰላምታዋን ሳትጨርስ ፊቱ ላይ ዓይኗን ተከለች። ሃያ ዓመት ሙሉ «ጋሽ በርሜል» እየተባለ መሪ የጨበጠው ሰው ጉንጩ ገብቶ፣ የሸሚዙ ኮሌታ አንገቱ ላይ ሰፍቶ ነበር። እሱ ግን አተያይዋን አድናቆት አድርጎ ቆጠረው።

ነገሩ የተጀመረው በሐኪም ትእዛዝ ነው። የደም ግፊቱ ጣራ ነክቶ ስለነበር ሐኪሙ ጥብቅ አመጋገብ ለሦስት ወር አዘዘለትና ሲጨርስ ተመለስ አለው። በሦስት ወር አሥራ ስምንት ኪሎ ቀነሰ፤ ግፊቱም ወረደ። ሾፌሩ ግን ወደ ሐኪሙ አልተመለሰም። ትንሽ መብላት ይህን ያህል ከጠቀመ ጭራሽ አለመብላት ይበልጥ ይጠቅማል ብሎ ቁርስና ምሳን እርግፍ አድርጎ ተወ። ማታ ሲገባ የቀኑን ረሀብ ሁሉ በአንድ ትሪ ይወጣውና ሆዱ ተነፍቶ ይተኛል። ሚስቱ ብትለምነው፣ መልሰሽ በርሜል ልታደርጊኝ ነው ወይ እያለ ያኮርፍ ነበር።

በዚያው ጉዞ፣ ረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ፣ መስቀለኛው መንገድ ጋ ሲደርስ፣ ዓይኑን ጭጋግ ጋረደው። ፍሬን የያዘው ዘግይቶ ነው። አውቶቡሱ መንገድ ከምታቋርጥ አሮጊት ክንድ በማይሞላ ርቀት ቆመ።

«ፍሬኑ ነው» አለ ሾፌሩ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

መጨረሻው ፌርማታ ላይ ሰዉ ሲወርድ የብልሽት መመዝገቢያውን አውጥቶ «ፍሬኑ አልይዝ ብሎ» ብሎ መጻፍ ጀመረ። የእህቱ ልጅ አልወረደችም። ፍሬኑን ማን እንዳየው ጠየቀችው። ትናንት ማታ መካኒኩ ፈትሾ እንዳስረከበው ነገራት።

«እንግዲያው በዚህ ወረቀት የሚጠየቀው እሱ ነው» አለች። «ጋሼ፣ እጅዎ ሲንቀጠቀጥ ከኋላ አይቻለሁ። የዘገየው ፍሬኑ ነው ወይስ እግርዎ?»

ሾፌሩ ደሙ ፈላ። በእጁ ያጎረሳት ልጅ ዛሬ መርማሪ ሆና ፊቱ ቆመች።

«ተምረሻል፤ አከብርሻለሁ» አላት ድምፁን እየዋጠ። «ግን ያዳነኝ ረሀብ ነው። መብላት ከጀመርኩ ማቆሚያ የለኝም። ራሴን አውቀዋለሁ።»

ፍርሃቱ የምር ነበር። ከጥብቅ አመጋገብ የወጣ ሰው ብዙ ጊዜ እንዲህ ይሆናል፤ ኪሎው ሲቀንስ ፍርሃቱ ይጨምራል፤ ማዕዱን እንደ ጠላት ያየዋል።

«ያዳነዎት ረሀብ ሳይሆን በልክ መብላት ነው» አለች ቀስ ብላ። «ያኔ በቀን ሦስቴ በመጠኑ ይበሉ ነበር። አሁን ባዶ ሆድዎን ይውሉና ማታ ይቆልላሉ። መሪ ሲይዙ ጉልበት የለም፤ ሲተኙ ሆድዎ ሞልቷል። ማቆሚያ ያጡትም አንጀትዎ እስኪታጠፍ ስለሚጠብቁ ነው።»

አሮጊቷ ከኮፈኑ ፊት ሆና ቀጥ ብላ ስታየው በሾፌሩ ዓይን ላይ መጣች። የጻፈውን ሰረዘና ከሥሩ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አዙሮኝ ነበር» ብሎ ጻፈበት። ወረቀቱንም ራሱ ለስምሪት ኃላፊው አስረከበ።

ሐኪም ፈቃድ እስኪሰጠው መሪ እንዳይነካ ታገደ። ኀፍረቱ ከብዶት ሰነበተ። ሐኪሙም ገሠጸውና የምግቡን ሰዓት አስተካከለለት፤ ቁርስ ከቤት ሳይወጣ፣ ምሳ ስድስት ሰዓት ላይ ከነአትክልቱ፣ እራት ቀለል ብሎ ሳይመሽ። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ኪሎ ቢጨምር ሁሉን ሊተወው ነበር፤ የእህቱ ልጅ ይታገሡ እያለች ያዘችው። በሁለተኛው ወር ሚዛኑ እዚያው ቆመ። ግፊቱ አልተመለሰም፤ እጁ ረጋ፤ እንቅልፉ መጣለት፤ በሚስቱ ላይ መነጫነጩም ቀረ። ሆዱ ተርቦ ስለማይጠብቅ እራት ላይ ራሱን መግታት አላቃተውም።

ወደ ሥራ ከተመለሰ በኋላ፣ በሾፌሮች ማረፊያ ክፍል ምሳውን ሲበላ፣ ጥብቅ አመጋገብ የታዘዘለት ባልደረባው እንዴት እንደከሳ ጠየቀው።

«ሐኪም ያዘዘህን ጠብቅ» አለው። «የታዘዘልህ ጊዜ ሲያልቅ ግን ከዚያ ወዲያ እንዴት እንደምትበላ ተመልሰህ ጠይቅ። እኔ ሳልጠይቅ ቀርቼ ሰው ልገድል ነበር።»